ምንጣፍ የለመደ ቡችላ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። የ10 ሳምንት ቡችላዬን ጠዋትና ማታ ግቢ አወርደዋለሁ። ሲሯሯጥ ቆይቶ ሳይሸና ይመለስና ሳሎን ምንጣፉ ላይ ይለቀዋል። በበረኪና ባጥበውም ተመልሶ እዚያው ነው። ጎረቤቴ «አፍንጫውን ሽንቱ ውስጥ ንከርለት» አለችኝ። ልክ ናት?

መልስ፦ አይንከሩ። ከሸና በኋላ የሚመጣ ቅጣት የሚያስተምረው እርስዎ ፊት መሽናት አደገኛ መሆኑን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አጠገብዎ ሆኖ ደጅም አይሸናም፤ ሶፋ ጀርባ ተደብቆ ይጨርሳል።

ጥፋቱ የሰዓት ነው። በቀን ሁለቴ ለትልቅ ውሻም ያንሳል፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ነቅቶ ሲጫወት ሁለት ሰዓት መያዝም ይከብደዋል። እንደነቃ ወዲያው፣ በልቶ ከ5 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ፣ ከጨዋታ በኋላ፣ ሊተኛ ሲል ይውሰዱት፤ በመሀሉም በየሰዓቱ። ጨዋታውን ድንገት ትቶ ወለሉን እያሸተተ መዞር ከጀመረ ያለዎት ጥቂት ሰከንድ ነው፤ አቅፈው ይሩጡ።

ወዴት? ክትባቱን እስኪጨርስ የሰፈር ውሾች ወደሚውሉበት ግቢ አይደለም። ቡችላ የሚገድለው የፓርቮ ቫይረስ አፈር ላይ ለወራት ይቆያል። በረንዳ ላይ ጠርዙ ዝቅ ያለ ሰፊ ሳፋ ያስቀምጡና ውሻ ካልረገጠው ቦታ የመጣ አፈር አራት ጣት ያህል ይሙሉበት። ጨርቅ አያንጥፉ፤ ለእሱ ጨርቅና ምንጣፍ አንድ ናቸው። ሽንቱን የጠረጉበትን ሶፍት አፈሩ ላይ ጣል ያድርጉ፤ ሽታው ይጠራዋል። እዚያ ያቁሙትና እስከ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይጠብቁ። ልክ እንደጨረሰ የሽምብራ ፍሬ የምታክል የተቀቀለ ሥጋ እዚያው ያጉርሱት፤ ሳሎን ከገባ በኋላ የሰጡት ሥጋ ለመግባቱ የተከፈለ ነው። ካልሸና ቤት ውስጥ አይልቀቁት፤ 10 ደቂቃ ታቅፈውት ይመልሱት። ጨዋታ ከሽንት በኋላ ይሁን፤ ግቢ ሲወርድ ሳይሸና የሚመለሰው ጨዋታው ስለሚያስረሳው ነው።

በረኪናውን ይተዉ። ከሽንት አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። መጀመሪያ ሳያሹ በደረቅ ጨርቅ ተጭነው ይምጠጡት። ከዚያ ኢንዛይም (እድፍን የሚሰባብር ንጥረ ነገር) ያለው የልብስ ማጠቢያ ዱቄት አንድ እጅ ለዘጠኝ እጅ ለብ ያለ ውሃ በጥብጠው ያርከፍክፉ፤ ሩብ ሰዓት አቆይተው ያጥቡ። ቀለም እንዳይለቅ አስቀድመው ጥጉ ላይ ይሞክሩት። ዱቄቱ ከሌለ አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል። እውነቱን ለመናገር፣ ምንጣፉን ለጥቂት ሳምንታት ጠቅልሎ ማቆም ከሁሉም ይቀላል።

ማታ 4 ሰዓት ከተኛ የስልክዎን ደወል ለሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ይሙሉና ተነሥተው ወደ ሳፋው ይውሰዱት። ጠብ ጠብ እያደረገ ቶሎ ቶሎ ከሸና ወይም ደም ካዩ ግን ሐኪም ጋ ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ የአራት ወር ቡችላችን እንግዳ በገባ ቁጥር ትሸናለች።

መልስ፦ ይህ የሥልጠና ጉድለት ሳይሆን የመሸማቀቅ ምልክት ነው፤ ከተቆጧት ይብሳል። እንግዳው ሳያያት ይለፍ፤ ስትረጋጋ ቁጢጥ ብሎ ከአናቷ ሳይሆን ከደረቷ በኩል ይንካት።