ጓያውን ለማን ትተሽ ትሄጃለሽ?

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ በኬሚስትሪ ተመርቄ ኮምቦልቻ በአንድ ዱቄት ፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ክፍል ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ትውልዴ ደላንታ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ መማር ፈልጌ ምርጫው ቸግሮኛል። ጓደኞቼ ማቴሪያል ሳይንስ ብትማሪ ይሻላል፣ የውጭ ዕድል ያለው እዚያ ነው ይላሉ። አለቃዬ የምግብ ማቀነባበርን ይመክረኛል። እኔን የሚያሳስበኝ የአካባቢ ደኅንነት ነው። አጎቴ ደግሞ የሕክምና ምርመራ እንጀራ አያሳጣም ይላሉ። የቱን ልያዝ?»

እኅት ዓለም፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሁለቱንም ጊዜ ዓይኔን የያዘው «ትውልዴ ደላንታ ነው» ያልሽው ነው። እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽው አልፈሻል፤ እኔ ግን ከዚያው ልነሳ።

በ1980ዎቹ መገባደጃ ደላንታና ዳውንት ውስጥ ብዙ ሰው፣ በተለይም ወጣት ወንዶች፣ በጓያ ተሰብረዋል። ሌላው አዝመራ በድርቅ ሲቃጠል ቆሞ የሚቀረው ጓያ ነው። አልፎ አልፎ የሚበላውን ሰው አይጎዳም፤ ለሁለትና ለሦስት ወር ከዕለት ምግቡ ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ ጓያ ያደረገውን ግን ዕድሜ ልኩን በምርኩዝ ሊያስኬደው ይችላል። ጥፋተኛው በፍሬው ውስጥ ያለ ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ ነው። እንፋሎቱ ነው የሚሰብረው፣ ማሳው ውስጥ መሄድ ነው የሚሉ አዛውንቶች በአካባቢሽ እንደማይጠፉ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

ይህን ጉዳይ ይዘሽ ወደ ምግብ ማቀነባበር ብትገቢ ምን ይጠብቅሻል? ኦዳፕ በውኃ ይሟሟል፤ ፍሬው ተዘፍዝፎ ውኃው ሲደፋ መርዙ ይቀንሳል። ነገሩ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ነገር ግን ድርቅ በመታው ቀዬ ከሩቅ ምንጭ በጀርባዋ ተሸክማ ያመጣችውን ውኃ «ድፊው» የምትያት እናት ምን ብላ እንደምታይሽ አስቢ። ስለዚህ ጥያቄው በትንሽ ውኃና በትንሽ ማገዶ ምን ያህሉን ማስወገድ ይቻላል የሚለው ነው። ይህ ደግሞ የምግብ ማቀነባበር ጥያቄ ነው።

መለካቱም የራሱ ጣጣ አለው፤ ኬሚስቷ የምትፈለገውም እዚህ ላይ ነው። ርካሹ ዘዴ የጓያውን ጭማቂ ከፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር አፍልቶ፣ ኦርቶ ፍታላልዲሃይድ ጨምሮ፣ የሚወጣውን ቀለም ስፔክትሮፎቶሜትር በተባለ የቀለም ድምቀት መለኪያ በ420 ናኖሜትር ማንበብ ነው። ስፔክትሮፎቶሜትር ደግሞ ብዙ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚገኝ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ጓያ ሲበስል መርዛማው ቤታ ኦዳፕ በከፊል ጉዳቱ እጅግ ወዳነሰው ወደ አልፋ ኦዳፕ ይለወጣል፤ ይህ ዘዴ ሁለቱን አይለያቸውም። ጥሬውን በትክክል የለካልሽ መሣሪያ በንፍሮው ላይ ያሳስትሻል ማለት ነው። ለመለየት ክሮማቶግራፊ የሚባል፣ ድብልቅን አንድ በአንድ ለያይቶ የሚያሳይ ዘዴ ያስፈልጋል። ንፍሮው፣ ቂጣውና ሽሮው በየራሳቸው ምን ያህል ቤታ ኦዳፕ ይቀራቸዋል ብለሽ ብትነሺ ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍ ከበቂ በላይ ነው።

የአጎትሽን ምክር አልንቅም፤ አንድ ነገር ግን ሳይነግሩሽ ቀርተዋል። በሆስፒታል ላቦራቶሪ ተቀምጦ በሽተኛ ለመመርመር በሕክምና ላቦራቶሪ ተመርቆ የሙያ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል፤ የኬሚስትሪ ዲግሪሽ ያንን በር አይከፍትልሽም። ለአንቺ የሚሆነው የምርመራ ዘዴውን ራሱን የሚሠሩት ሰዎች ዘንድ ነው፤ አዲስ አበባ ያለውን አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትን የመሰለ ቦታ ማለቴ ነው። ለዚያ በባዮኬሚስትሪ ወይም በባዮቴክኖሎጂ በኩል መዞር ይኖርብሻል። ሥራው ምን እንደሚመስል ለማወቅ የወባውን ፈጣን መመርመሪያ ተመልከቺ። በብዛት የሚሠራበት መመርመሪያ ኤችአርፒ2 የተባለውን የወባ ተሐዋሲ ፕሮቲን የሚፈልግ ነው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረ መል የጎደለው ተሐዋሲ በአገራችን ተገኝቷል፤ ያን ጊዜ መመርመሪያው የታመመውን ሰው ጤነኛ ነህ ብሎ ይሸኘዋል። ጓያ የሰበረውን ሰው የሚለይ የደም ምርመራ ደግሞ እስካሁን የለም፤ ሐኪሙ የሚለየው የበላውን ጠይቆ፣ አካሄዱን አይቶ ነው።

ጓደኞችሽ ስለ ውጭ ዕድሉ አልዋሹሽም። እኔን የሚያሰጋኝ መመለሻው ነው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥራ ተክኖ የመጣ ሰው መሣሪያውን ፍለጋ ከተማ ለከተማ ሲንከራተት አይቻለሁ። ማቴሪያል ሳይንስ ልብሽ ከፈለገው ግን ለእሱም ከደላንታ መውጣት አያስፈልግሽም። በ2000 ዓ.ም. ወገልጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል የተባለ የከበረ ማዕድን በጥቃቅን የሲሊካ ሉሎች አደራደር ብርሃን የሚበትን ድንጋይ ነው። ውኃ ውስጥ ሲገባ ውኃውን ጠጥቶ መስታወት ይመስላል፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። በኪሎ እየመዘንን ከምንሸጠው ለምን እንደሚሰነጠቅ የሚያጠና አንድ የአገሩ ልጅ ቢኖር ምን ነበረበት! ጓያውም ቢሆን የማቴሪያል ጥያቄ አለበት፤ በዚያው በደላንታ ችግር ላይ የተሠራ ጥናት ጓያን በሸክላ ድስት የሚያበስሉ ቤቶች የበለጠ ተጎድተው እንዳገኘ ጽፏል። ከሸክላው ወደ ምግቡ የሚገባው ምንድን ነው?

ስለ አካባቢ ደኅንነት፣ ኮምቦልቻ ስለምትሠሪ ለዮሌ እና ወርቃ የተባሉት ወንዞች ከፋብሪካው ምን እንደሚሸከሙ አልነግርሽም፤ ሁለቱም ቦርከና ይገባሉ፣ ቦርከናም ወደ አዋሽ ይወርዳል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። የቆዳ ማልፊያ ክሮሚየምን በቡና ገለባ፣ በሸንኮራ አገዳ ገለባ፣ በምኑም በምኑም ስለማጣራት የተጻፈ መመረቂያ ጽሑፍ መደርደሪያ ሞልቷል። አብዛኛው ግን ክሮሚየሙን የሚያጣራው ተማሪው ራሱ ላቦራቶሪ ውስጥ ከበጠበጠው ንጹሕ ውኃ ነው። የፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ ጨው አለ፣ ስብ አለ፣ ሰልፋይድ አለ፤ እዚያ ሲደርስ ገለባው ይለግማል። ወደዚህ ከገባሽ ከወንዙ ጀምሪ።

የራሴንም ጉድ ልንገርሽ። ሁለተኛ ዲግሪዬን ስሠራ ርዕሴ በወንዝ ውኃ ውስጥ ያለ ክሮሚየም ነበር። አቶሚክ አብዞርፕሽን የሚባለው የብረታ ብረት መጠን መለኪያ መሣሪያ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ አለ ተባልሁ። በእርግጥም አለ፤ አቧራ እንዳይነካው ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ክሮሚየምን ለመለካት የሚያስፈልገው መብራቱ ግን ተቃጥሏል። ሰባት ወር ጠብቄ ርዕስ ቀየርሁ። ከዚያ ወዲህ ምክር ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ መሣሪያው አለ ወይ ብለሽ አትጠይቂ፤ ባለፈው ወር ማን ምን ለካበት ብለሽ ጠይቂ።

ከአራቱ ምረጥልኝ ካልሽኝ ምግቡን እመርጥልሻለሁ። አለቃሽ ስለመከረሽ አይደለም። ሁለት ዓመት ዱቄት ስትመረምሪ ናሙና አወሳሰድ፣ መሣሪያ ማስተካከልና መዝገብ አያያዝ ተምረሻል፤ አይኤስኦ 17025 በሚባለው ዓለም አቀፍ የላቦራቶሪ ብቃት ደረጃ የሚሠራ ላቦራቶሪ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ኦዳፕን በክሮማቶግራፊ መለየት የቻለች እጅ አፍላቶክሲን የሚባለውን የሻጋታ መርዝም፣ የፀረ ተባይ ቅሪትንም፣ በደም ውስጥ ያለ መድኃኒትንም መለየት ብዙ አይከብዳትም። የሦስቱ በር የዚያን ጊዜ እንኳ አይዘጋብሽም።

ለብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ተዘጋጂ። ጎን ለጎን በአንድ ገጽ ጥያቄሽን ጽፈሽ ለሁለት ሦስት መምህራን ላኪ፤ «ማንኛውንም ርዕስ እቀበላለሁ» የሚል ደብዳቤ ግን አትጻፊ፣ እንዲህ የሚሉ ብዙ ናቸው። ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ሩቅ አይደለም፤ አንድ ቀን ፈቃድ ወስደሽ ሄደሽ ጓያን የሚያውቅ ሰው አነጋግሪ። ኦዳፑ በድርቅ ጊዜ ከፍ ስለሚል የአንድ ዓመት፣ የአንድ ማሳ ናሙና ብዙ አይነግርሽም። ጓያ የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል በጥቁር አፈር ላይ ነው፤ የዘንድሮው አዝመራ ካመለጠሽ አንድ ሙሉ ዓመት ትጠብቂያለሽ። ስለዚህ መግቢያው እስኪመጣ አትቀመጪ፤ ለቤተሰብ ደውለሽ ከየማሳው አንድ አንድ ኪሎ ለብቻ ቋጥረው፣ ከየት እንደታጨደ ጽፈው እንዲያስቀምጡልሽ ንገሪያቸው።