ለቆቅና ለጅግራ አደን ጀርመን ሸፐርድ ልግዛ ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ካዛንቺስ እንደምትኖርና ለቆቅና ለጅግራ አደን ጀርመን ሸፐርድ ልትገዛ እንዳሰብክ ጽፈሃል። «ግዛው፣ ጀግና ውሻ ነው» ያሉህን አትስማ። እኔም እዚያው ሰፈር ነኝ፣ ግቢዬም ካንተ አይሰፋም።

1. ሸፐርድ የእረኛ ውሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ጀርመን ውስጥ ዝርያው መመዝገብ ሲጀምር ሥራው በግ መጠበቅ ነበር። ለቤት ጥበቃ ወደር የለውም። ቆቅን ግን ከሣር ውስጥ አሽትቶ፣ ሳያስበረግግ ቆሞ አያሳይህም። ያ ፖይንተር የሚባለው የአደን ውሻ ሙያ ነው። ፀጉረ አጭሩ የጀርመን ፖይንተር ወፏን ያሳይሃል፣ ስትወድቅም አንስቶ ያመጣል፣ ቆላውንም ይችለዋል። ላብራዶር ዋና ሙያው የወደቀውን ማምጣት ነው፤ ውኃ ዳር ዳክዬ ለሚያድን ይሻላል። ቢግል ጥንቸል እያሸተተ ይከተላል፣ ግን ሲከተል ይጮሃል፤ እኛ ሰፈር ጎረቤት አያስተኛም። ግሬይሀውንድና ሳሉኪ በዓይናቸው አይተው ነው የሚያሳድዱት፣ ሜዳ ይፈልጋሉ።

2. ቡችላ ስትመርጥ በላባ አትሸወድ። ሻጩ የዶሮ ላባ በክር አስሮ ከዱላ ጫፍ ያንጠለጥላል። ቡችላው ድርቅ ይላል፣ አንድ የፊት እግሩን ያነሳል፣ ጭራው ቀጥ ይላል። ልብ ይሰርቃል። ግን ላባውን ያየው በዓይኑ ነው፤ ስለ አፍንጫው ምንም አይነግርህም። እናቱን ሜዳ ላይ ስትሠራ አሳየኝ በል። «እናቱ ክፍለ ሀገር ናት» ካለህ ተሰናበተው። እኔ የውሻዬን እናት ቆቅ አሽትታ ቆማ ስታሳይ ሳላይ ብር አላወጣሁም፣ ዛሬ በውሻዬ የምኮራው ለዚህ ነው። ደግሞ ቡችላህን ከእንቁጣጣሽ ርችት አርቀው። በርችት የደነገጠ ውሻ ጠመንጃ ሲሰማ ይሸሻል።

3. ፈቃዱን ከውሻው በፊት ጨርስ። በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፤ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥማ አይታሰብም። እኔ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ሄጄ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በማድንበት ቦታ ውሻ ይዤ መግባት እችላለሁ ወይ? ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው አንከራተቱኝ። መጨረሻ ላይ ያገኘኋት ሠራተኛ ከስልኳ ቀና ሳትል «ለውሻ ነው ይህን ሁሉ ሰው የምታስቸግረው?» አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። ሕግ አክብሬ ልሥራ ብዬ ሄጄ እንደ ሥራ ፈት ስታይ እስካሁን ያንገበግበኛል። ሌሊት ተደብቀው የሚያድኑትን ማንም መስኮት ለመስኮት አያንከራትታቸውም። በማግስቱ ማመልከቻ ጽፌ መዝገብ ቤት አስገባሁ፣ ገቢ ቁጥሩንም ያዝኩ። ቁጥር ያለው ወረቀት ዝም ብለው ሊያልፉት አልቻሉም፤ መልሱ ማኅተም አርፎበት በደብዳቤ መጣ። አንተም በቃል ብቻ እንዳትጠይቅ። ገቢ ቁጥር ሳትይዝ ከዚያ ግቢ እንዳትወጣ።

ደብዳቤውን ስትይዝ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርዱንም አብረህ ያዝ፣ በየዓመቱም አሳድስ። እዚህ ላይ አልደራደርም። ባሌ ውስጥ ከቤት ውሻ በተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ የቀይ ቀበሮ ቤተሰቦች በተደጋጋሚ አልቀዋል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳን አይሞሉም፣ ሁሉም ያሉት እኛው አገር ነው። ውሻ ሳያስከትብ ገጠር ይዞ የሚወጣ ሰው አዳኝ አይባልም።

ፖይንተር ታስሮ መዋል አይችልም። እኔ የኔዋን ጎህ ሳይቀድ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ አስሮጣታለሁ፣ ክረምትም ቢሆን። ይህን የምትችል ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፤ የውሻዬን እናት ባለቤት ቡችላ እንዳለው እጠይቅልሃለሁ።