«ሠራተኛዋ ናት በሩን የረሳችው»

ጥያቄ፦ ጎረቤታችን ሁለት ትልልቅ ውሾች አሉት። ይታሰራሉ ይላል እንጂ መኪና በገባና በወጣ ቁጥር ሾልከው ሰፈሩን ያምሱታል። ባለፈው ሳምንት አንደኛው የ9 ዓመት ልጄን ከሱቅ ሲመለስ ባቱን ነከሰው። ባለቤቱን ሳናግረው «እኔ አልለቀቅኩትም፣ ሠራተኛዋ ናት በሩን የረሳችው፣ ደግሞ ተከትቧል» ብሎኝ ገባ። ብከሰው የሚሰማኝ አለ?
እናት፣ ከገርጂ

መልስ፦ እህቴ፣ ክሱ ይቆየን። ልጁ ክትባት ጀምሯል ወይ? ካልጀመረ ሳምንት አልፎታል ብለሽ እንዳትተዪው፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ጊዜ ከሳምንታት እስከ ወራት ተደብቆ ይቆያል፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚያድነው መድኃኒት የለም። የሚያጠጡ አዋቂ አሉ የሚልሽ ጎረቤት አይጠፋም፤ አትስሚው። (ወደፊት ማንም ሰው ሲነከስ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ ነው፣ ከዚያ ሐኪም ጋ መሮጥ።) «ተከትቧል» ካለ ደግሞ ካርዱን ያሳይ፣ ቀኑንም እይው። ውሻውን የሰፈሩ ጎረምሶች ቀጥቅጠው እንዳይገድሉት፤ ከነከሰበት ቀን ጀምሮ 10 ቀን ታስሮ መታየት አለበት፣ የልጁ ክትባት ግን ይህን አይጠብቅም።

አሁን ወደ ሰውየው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 እንስሳው ጉዳት ካደረሰ ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል፣ ሳይታሰብ አምልጦ ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ በሩን ማን ረሳው የሚለው የእነሱ የቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ነው፣ አንቺን አይመለከትም። «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ መለጠፉም አያድነውም፤ ልጁ የተነከሰው እኮ መንገድ ላይ ነው! የሚጠቅመው አንድ ነገር ቢኖር ልጁ ራሱ ውሻውን ተንኩሶት ከሆነ ነው፣ ያኔ ካሳው ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ያዩ ሰዎችን ከአሁኑ አነጋግሪ፣ ባለሱቁንም ጨምሮ።

የሕክምና ማስረጃ፣ የክትባት ደረሰኝ፣ የትራንስፖርት ወጪ፣ የቁስሉ ፎቶ፣ ሁሉንም አንድ ላይ አስቀምጪ። ክስ ለመመሥረት ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት አለሽ። እኔ ብሆን መጀመሪያ ሽማግሌ እልክበታለሁ፣ ነገም አንድ ሰፈር ነው የምትኖሩት። ግን ስምምነቱ በቃል እንዳይቀር። ወጪሽን ሊከፍል፣ ውሾቹንም ከውስጥ ሊያስር ይፈርም፣ እምቢ ካለ ወደ ፍርድ ቤት።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ውሻዬ በጣም ለማዳ ናት፣ ሰው ነክሳ አታውቅም። መናፈሻ ውስጥ ሊሿን (ማሰሪያ ገመዷን) ፈትቼ ባስሮጣት ምን ችግር አለው?
ወንድማችሁ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ችግር አለው። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ውሻ ከግቢህ ውጪ ሊሽ ላይ መሆን አለባት፣ ለውሾች ተብለው ከታጠሩት መናፈሻዎች በቀር። «ነክሳ አታውቅም» የሚለውም እዚያ ብዙ አያስኬድህም። በፈረንጆቹ 2012 የሜሪላንድ ፍርድ ቤት ፒትቡል የሚባለውን የውሻ ዘር ለይቶ አደገኛ ብሎ ነበር፤ በ2014 የወጣው ሕግ ግን ዘር መለየቱን ትቶ ለሁሉም ውሻ አንድ መስፈርት አደረገ። በዚህ ሕግ ተለቃ የምትሮጥ ውሻ ሰው ከጎዳች ጠባይዋን አላውቅም ነበር ማለት አይሠራም፤ የተጎዳው ሰው ራሱ ካልተነኮሳት ወይም ሰው ግቢ ጥሶ ካልገባ በቀር ተጠያቂው አንተ ነህ። ደግሞ ለማዳነቷን የምታውቀው አንተ እንጂ፣ ከአገር ቤት ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው እዚያው መናፈሻ ዱላቸውን ይዘው የሚንሸራሸሩት እማማ አይደሉም። ልትጫወት ብላ ዘላ ብትጥላቸውስ? ረጅም ሊሽ ግዛላት፣ ወይም የታጠረው መናፈሻ ውሰዳት።