ዲመር ላይ ኤልኢዲ ሲገጠም

ጥያቄ፦ የሳሎናችን ማብሪያ ማጥፊያ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ የሚዞር ዲመር ነው። ድሮ ስድስት ባለ 60 ዋት አምፖሎች ነበሩት፣ አንድም ቀን አስቸግሮን አያውቅም። የመብራት ሒሳብ ሲከብደን ሁሉንም በባለ 7 ዋት ኤልኢዲ ቀየርኳቸው። አሁን ዝቅ ሳደርገው ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ ዲመሩም ጥዝዝ ይላል። ካጠፋሁት በኋላም ጭል ጭል ይላሉ። ፎርጅድ አምፖል ሸጠውልኝ ይሆን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሻጩን ከመውቀስዎ በፊት ካርቶኑን ይዩት። ኤልኢዲ ሁሉ ለዲመር አይሆንም። “ዲመብል” (በዲመር የሚሠራ) የሚል ካልተጻፈበት፣ ዲመሩ እስካለ ድረስ በሌላ ከመቀየር ውጭ መላ የለውም።

ዲመብል ከሆነ ግን እኔ የምጠረጥረው ዲመሩን ነው። ሒሳቡን ይዩት፦ ድሮ 360 ዋት ይስብ የነበረው መስመር አሁን የሚስበው 42 ዋት ብቻ ነው። የድሮ ዲመሮች ላይ ብዙ ጊዜ “ከ60 እስከ 600 ዋት” የሚል ዓይነት ጽሑፍ አለ። ሁሉም ሰው ትልቁን ቁጥር ያያል፤ ትንሹን የሚያየው የለም። ጭነቱ ከትንሹ በታች ሲሆን ዲመሩ በርቶ መቆየት ያቅተዋል። ያዝ ለቀቅ ያደርጋል፤ አምፖሉም አብሮት።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ብሬከሩን ያጥፉና ከስድስቱ አንዱን ኤልኢዲ ፈትተው በቦታው ከድሮዎቹ አንዱን ይግጠሙ። ጭነቱ 95 ዋት ይሆናል። መርገብገቡ ቀጥ ካለ ምክንያቱን አገኙት። እንዲሁ ትተውት የሚኖሩም አሉ፤ ይሠራል፣ ግን ቁጠባው ምኑ ላይ ነው?

ጥዝዝታው ከሌላ ነገር ይመጣል። የእኛ ኮረንቲ 50 ኸርዝ ስለሆነ ዲመሩ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይቆርጠዋል። የድሮው ዓይነት፣ ሊዲንግ ኤጅ የሚባለው፣ የእያንዳንዱን ግማሽ ሞገድ መጀመሪያ ይቆርጥና ቀሪውን በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። የድሮው አምፖል ክር የጋለ ስለሆነ ይህ አይሰማውም። ኤልኢዲ ውስጥ ግን ትንሽ ሰርኪዩት አለ፤ እሱ ድንገተኛ ግፊት አይወድም። ትሬይሊንግ ኤጅ የሚባለው ዲመር ከዜሮ ጀምሮ ይለቅና መጨረሻውን ነው የሚቆርጠው፤ ለኤልኢዲ የሚስማማው እሱ ነው። ሲገዙ ኒውትራል ሽቦ (ኮረንቲው የሚመለስበትን) ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ብዙ ቤት ማብሪያው ሳጥን ውስጥ ኒውትራል የለም። አምፖሉንም መጀመሪያ አንድ ብቻ ገዝተው ይሞክሩት፤ ከተስማማ ሌሎቹን ከዚያው ዓይነት ይጨምሩ።

አንዳንድ ዲመር መዞሪያው ሲነቀል ከሥሩ ትንሽ ብሎን አለው፤ ዝቅተኛውን የብርሃን መጠን የሚወስነው እሱ ነው። አምፖሎቹ መጨረሻው ላይ ብቻ የሚርገበገቡ ከሆነ እሱን በትንሹ ከፍ ማድረግ ይበቃል። ብሬከሩን ሳያጠፉ ግን እንዳይነኩት።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፦ ጠፍቶም ጭል ጭል ማለቱ። ማብሪያው ላይ ጨለማ ውስጥ የምትታይ ትንሽ መብራት ካለች ምንም አይደለም፤ በእሷ በኩል የሚያልፈው ጥቂት ኮረንቲ ለኤልኢዲ በቂ ነው። ከሌለች ግን መስመሩ ሲዘረጋ በማብሪያው ያለፈው ኒውትራሉ ሊሆን ይችላል። መቆረጥ ያለበት ኮረንቲውን የሚያመጣው ሽቦ፣ ፌዙ፣ ነው። ኒውትራሉ ብቻ ከተቆረጠ ማብሪያው ጠፍቶም አምፖል መያዣው ላይ ኮረንቲ አለ፤ አምፖል ልቀይር ያለ ሰው ይይዘዋል። ይህንን ኤሌክትሪሺያን ጠርተው በቴስተር ያስፈትሹ። እስከዚያው አምፖል ሲቀይሩ ብሬከሩን ማጥፋት አይርሱ፤ ከላይ ላልኩት ሙከራም ቢሆን።

ጠምዛዛውን ኃይል ቆጣቢ አምፖል ዲመር ላይ አይሞክሩት፤ ካርቶኑ ካልፈቀደ በስተቀር ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። አብዛኛው ኤልኢዲ ዝቅ ሲል እንደ ድሮው አምፖል ወደ ብርቱካናማ እንደማይሄድም ይወቁት፤ ነጩ ነጭ እንደሆነ ይደበዝዛል። ለሳሎን ካርቶኑ ላይ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን (ሞቅ ያለ፣ ቢጫማ ብርሃን) የሚለውን ይምረጡ።

እውነቱን ለመናገር ብዙ ቤት ዲመሩ ከተገጠመ ወዲህ ዝቅ ተደርጎ አያውቅም። የእርስዎም እንዲያ ከሆነ አስነቅለው ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ያስገጥሙ፤ ዲመብል ያልሆነውም ኤልኢዲ እዚያ ላይ ያለ ችግር ይሠራል።