የፒዲኤፍ መጠን ሲቀነስ ፊደሉ እንዳይጠፋ

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ከተማ የታሪክ መምህር ነኝ። ለተማሪዎች ያዘጋጀሁትን ባለ 120 ገጽ ማስታወሻ አትሜ፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) በቀለም ስካን አድርጌ ኢንተርኔት ላይ ባስቀምጠው 190 ሜጋባይት ሆነ፤ በመሐል ሜዳና በዓለም ከተማ ያሉ ተማሪዎችም በስልካቸው ሊከፍቱት አልቻሉም። በአንድ ፕሮግራም ወደ 8 ሜጋባይት ባወርደው ደግሞ «ለ»ን ከ«ሉ» መለየት አስቸገረ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ማስታወሻው የተጻፈበት የወርድ ፋይል በእጅዎ ካለ ስካኑን ጨርሶ ይተዉትና ፋይሉን በቀጥታ ወደ ፒዲኤፍ ይለውጡት። እንዲህ የተሠራ ፒዲኤፍ ጽሑፉን የሚይዘው በምስል ሳይሆን በፊደልነቱ በመሆኑ ብዙ ፎቶግራፍ እስከሌለበት ድረስ ከጥቂት ሜጋባይት አይበልጥም፤ የቱንም ያህል ቢያጎሉት አይደበዝዝም። አትሞ መልሶ ስካን ማድረግ በየመሥሪያ ቤቱ ቢለመድም፣ ማኅተምና ፊርማ ለማያስፈልገው ጽሑፍ ከንቱ ድካም ነው።

የወርዱ ፋይል ከሌለ ግን ክብደቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። አንድ የኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ ሲነሣ 2480 በ3508 ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸው ነጥቦች) ይሆናል፤ በቀለም ሲነሣ እያንዳንዱ ፒክስል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ገጹ ከመታመቁ (መጠኑ በፕሮግራም ከመቀነሱ) በፊት ብቻውን 26 ሜጋባይት ያህል ይመዝናል። በግራጫ ቢነሣ የዚህ ሲሶ፣ በጥቁርና ነጭ ብቻ ቢነሣ ደግሞ 1 ሜጋባይት ገደማ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መቀነስ ያለበት ቀለሙ ነው እንጂ ዲፒአዩ አይደለም። የተጠቀሙበት ፕሮግራም ተቃራኒውን ሳያደርግ አልቀረም፤ ለምሳሌ ጎስትስክሪፕት በተባለው ነፃ ፕሮግራም «ስክሪን» የሚለው ምርጫ የቀለም ምስሎችን ወደ 72 ዲፒአይ ያወርዳል። በዚህ ልክ መጠኑ 12 የሆነ ፊደል ከላይ እስከ ታች የሚደርሰው 12 ፒክስል ብቻ ስለሆነ፣ «ሉ»ን ከ«ለ» ለምትለየው ትንሽ ቅጥያ አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ቢተርፍ ነው።

እንግዲህ የጽሑፉን ገጾች በጥቁርና ነጭ በ300 ዲፒአይ እንደገና ያንሡ፤ ሲሲአይቲቲ ግሩፕ 4 በተባለው ዘዴ ሲታመቁ ንጹሕ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ኪሎባይት በታች ይሆናል። ካርታና ፎቶግራፍ ላለባቸው ገጾች ብቻ ቀለሙን ሳይነኩ ወደ 150 ዲፒአይ ዝቅ ያድርጉ። ጂቢግ2 የሚባለው ማመቂያ ይበልጥ ያሳንሳል፤ ነገር ግን ተመሳሳይ ቅርጾችን እርስ በርስ የሚተካበት አሠራር ስላለው ለእኛ ፊደል አንመክረውም። እ.ኤ.አ. በ2013 ዳቪድ ክሪዝል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ አንዳንድ የዜሮክስ ማሽኖች በዚሁ ሳቢያ 6ን በ8 እየተኩ እንደሚያወጡ አሳይቷል፤ በታሪክ ማስታወሻ ውስጥ አንድ ዓመተ ምሕረት እንዲህ ቢለወጥ ማንም አያስተውለውም።

ዚፕ ማድረግ ብዙም አይረዳዎትም፤ ምስሎቹ ቀድሞውኑ ታምቀዋል። ይልቁንስ ማስታወሻውን በየምዕራፉ ከፋፍለው ያስቀምጡት፤ ሲያስቀምጡም ፕሮግራምዎ ለድረ ገጽ ፈጣን እይታ የሚያዘጋጅ ምርጫ ካለው ይጠቀሙበት። ፋይሉ የተቀመጠበት ኮምፒውተር (ሰርቨሩ) ፋይሉን በከፊል መላክ የሚችል ከሆነ፣ ተማሪው ቀሪው እስኪወርድ ሳይጠብቅ የመጀመሪያውን ገጽ ማንበብ ይጀምራል።