የሆድ ትል የበግን መከላከያ የሚያዳክመው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ በግ አንድ ጊዜ ፈንጣጣ ይዞት ከዳነ ዳግመኛ አይዘውም። የሆድ ትል ግን መድኃኒት አጠጥቻቸው ሁለት ወር ሳይሞላ ይመለስባቸዋል። ሰውነታቸው ትሉን መከላከል የማይለምደው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ጥያቄዎ የችግሩን ሥር የሚነካ ነው። የፈንጣጣ ቫይረስ ከበጉ መከላከያ ጋር ለጥቂት ሳምንታት ይታገላል፤ ከዚያ ወይ በጉን ይገድላል ወይ ይሸነፋል። ትል ግን የሚኖረው በሕይወት ባለ በግ ውስጥ ለወራት በመቆየት ስለሆነ፣ ከአካሉ ያለማቋረጥ በሚያመነጫቸው ፕሮቲኖች የበጉን መከላከያ ያለዝባል።

የነጭ የደም ሴሎች ሥራ ማጥቃት ብቻ አይደለም፤ ጥቃቱ በርትቶ የገዛ አካልን እንዳይጎዳ የሚገቱም አሉ። በርካታ ትሎች የሚያበረታቱት እነዚህኑ ገቺ ሴሎች ነው። በአይጥ አንጀት የሚኖር አንድ ትል፣ ሰውነት ራሱ ጥቃትን ለማብረድ የሚጠቀምበትን ፕሮቲን ተግባር የሚኮርጅ ፕሮቲን እንደሚያመነጭ ታውቋል። የጉበት ትል ደግሞ ፀረ እንግዳ አካላትን፣ ማለትም ሰውነት ወራሪን ለመዋጋት የሚሠራቸውን ፕሮቲኖች፣ የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች አሉት። በዚህ ትል የተያዙ ከብቶች ለሳንባ ነቀርሳ የቆዳ ምርመራ የሚያሳዩት እብጠት ሊያንስ ስለሚችል፣ በነቀርሳ የታመመው ከብት ጤነኛ መስሎ ሊታለፍ ይችላል።

የበጎች ዋና ጠላት የሆነው ደም መጣጭ የጨጓራ ትል፣ ሄሞንከስ፣ በዚህ ላይ ረሃብን ይጨምርበታል። አንዱ ትል በቀን 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ስለሚያሳጣ፣ 5,000 ትል የተሸከመ በግ በየቀኑ ሩብ ሊትር ገደማ ያጣል። ከደሙ ጋር የሚፈሰው ፕሮቲን መከላከያውም የሚገነባበት ነውና፣ በጉ በሁለት በኩል ይዳከማል።

ይህም ሆኖ በጎች ፈጽሞ አይለምዱም ማለት አይደለም። ግልገሎች በግጦሽ ላይ ከትሉ እጭ (ከእንቁላል ከተፈለፈለው ያላደገ ትል) ጋር ለወራት ሲገናኙ የተወሰነ መከላከያ ያዳብራሉ፤ ፍየሎች በዚህ ከበጎች ያንሳሉ። ይሁን እንጂ እናቲቱ ልትወልድ ስትቃረብና ስታጠባ የለመደችው መከላከያ ይላላል፤ በበጠጧ የምታወጣው የትል እንቁላልም ይበዛና ለግልገሎቿ ግጦሹን ይበክላል። አደራ የምለው እዚህ ላይ ነው፤ በእርግዝናዋ የመጨረሻ ሳምንታትና በጡት ማጥባቷ መጀመሪያ ፋጉሎን ወይም አልፋልፋን የመሰለ ፕሮቲን የበዛበት መኖ ይስጧት።

ትል የበዛበት እንስሳ ለክትባት የሚሰጠው ምላሽም ሊደክም ስለሚችል፣ ከክትባት ዘመቻ አስቀድመው የትሉን መጠን ያስመርምሩ። ለሄሞንከስ የተዘጋጀ ክትባት በ2014 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ተፈቅዷል። ክትባቱ የሚያነጣጥረው በትሉ አንጀት ውስጥ ባሉ፣ የበጉ መከላከያ በተፈጥሮ በማያገኛቸው ፕሮቲኖች ላይ ነው፤ ትሉ ደም ሲመጥ ፀረ እንግዳ አካሉን አብሮ ይውጣል። በግጦሽ የሚመጣ ትል ግን ይህን መከላከያ ስለማያድስ መርፌው መደጋገም አለበት።

የእርስዎ በጎች በሁለት ወር ውስጥ መያዛቸው ከተበከለ ግጦሽ ሊሆን ይችላል፤ የተዋጠ እጭ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሞላው አድጎ እንቁላል መጣል ይጀምራልና። መድኃኒቱን ትሉ ተለማምዶት ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ካጠጧቸው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ የበጠጥ ናሙና ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱ፤ ከማጠጣትዎ በፊት የተወሰደ ናሙና ካለ ሁለቱን በማነጻጸር መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ ይታወቃል።