በሙከራ ጊዜ ብታመም ደመወዜ ይቆረጣል?

እህቴ፣ በልብስ ስፌት ተመርቀሽ ገላን አካባቢ ያለ ፋብሪካ ከገባሽ ልክ 5 ሳምንት እንደሆነሽ ጽፈሽልኛል። ታይፎይድ ይዞሽ 3 ቀን ቀረሽ፤ የ3ቱ ቀን ደመወዝም ተቆረጠብሽ። አለቃሽ «አዲሱ ሕግ ሲክ ሊቭ (የሕመም ፈቃድ) አስቀርቷል» አለሽ፤ ጓደኛሽ ደግሞ «ሥራውን ለቀን ሌላ ፋብሪካ እንግባ» እያለችሽ ነው። መልሴን ከኋላ ልጀምር፦ አሁን አትልቀቂ።

ሕጉ የሕመም ፈቃድን አላስቀረም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 85 እና 86 ላይ ያለው መጠን በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 የነበረው ነው። ከታመምሽበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ፣ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ፣ እስከ 6 ወር ይሰጣል። የመጀመሪያው 1 ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጥሎ ያሉት 2 ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው።

የተለወጠው ሌላ ቦታ ነው፤ አንቺን የነካሽም እሱ ነው። ይህ መብት የሚጀምረው የሙከራ ጊዜ ሲያልቅ ነው። የድሮው አዋጅ ሙከራ ከ45 ተከታታይ ቀን እንዳይበልጥ ይል ነበር፤ የአሁኑ እስከ 60 የሥራ ቀን ፈቅዷል። እሑድና በዓል አይቆጠርም። በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ሰው ከ10 ሳምንት አያንስም። በድሮው ቢሆን 10 ቀን ብቻ ይቀርሽ ነበር፤ አሁን ግን ገና ግማሹ ላይ ነሽ። በዚሁ አዋጅ የዓመት ፈቃድ ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀን ከፍ ማለቱና የወሊድ ፈቃድ መራዘሙ ሲወራ፣ ይሄኛው ተድበስብሶ አለፈ። ለአዲስ ተቀጣሪ ከባድ ነው እላለሁ፤ ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ገንዘብ የሌለው እሱ ነውና። ሌላ ፋብሪካ ብትገቢ ደግሞ ቆጠራው እንደገና ከ1 ይጀምራል።

ከሁሉ በፊት ግን ውልሽን አውጥተሽ አንብቢ። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መስፈር አለበት። ካልሰፈረ አንቺ በሙከራ ላይ አይደለሽም፤ የሕክምና ማስረጃሽን አቅርበሽ የተቆረጠውን ማስመለስ ትችያለሽ። ከሰፈረም የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ የኅብረት ስምምነቱን ጠይቂ፤ ከሕጉ የተሻለ ነገር ሊኖረው ይችላል።

ማስረጃ ካልን፣ በእጅሽ ያለው የመድኃኒት ማዘዣ ብቻ ነው ብለሻል። እሱ አይበቃም። ማዘዣ ምን እንደወሰድሽ እንጂ ስንት ቀን እንድታርፊ እንደታዘዘ አይናገርም። ወደታከምሽበት ክሊኒክ ተመለሺና ካርድሽ ወጥቶ የሕመም ፈቃድ ወረቀት እንዲጻፍልሽ ጠይቂ። ስምሽ፣ ዕረፍቱ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ የሐኪሙ ፊርማና የክሊኒኩ ማህተም ይኑርበት። ለሰው ኃይል ክፍል ከመስጠትሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ ኮፒው ላይም መረከባቸውን አስፈርሚ። ገንዘቡን ባያስመልስልሽ እንኳ ዝም ብለሽ እንዳልቀረሽ ያሳያል። በሙከራ ላይ ያለን ሰው «ለሥራው አልሆነችም» ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ስለሚቻል፣ ያ ወረቀት ፋይልሽ ውስጥ መግባት አለበት።

ሌላ ጊዜ ከታመምሽ ቢዘገይ በማግስቱ አሳውቂ። በጓደኛሽ አፍ አትላኪ፤ ለሱፐርቫይዘርሽ ራስሽ በስልክ መልእክት ጻፊ፣ መልእክቱንም አታጥፊው።

የማሽኑ መርፌ ጣትሽን ቢወጋሽ ግን ያ የሥራ ላይ ጉዳት ነው እንጂ የሕመም ፈቃድ አይደለም። የራሱ ድንጋጌ አለው፤ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ ይከፈላል። የሕመም ፈቃድ ቅጽ ቢያቀርቡልሽ አትፈርሚ።

ውልሽ ላይ የሙከራ አንቀጽ ካጣሽ ጻፊልኝ፤ ለሰው ኃይል ክፍሉ የምታስገቢውን ማመልከቻ አብረን እናዘጋጃለን። እነሱ እምቢ ካሉ የአካባቢሽ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አቤቱታሽን ይቀበላል።